የሰው አፍ ሆኜ የኖርኩባቸው ዓመታት

ግመል ኖሮኝ አያውቅም። ባለፈው ሰሞን ግን ምሳ ላይ ለልጆቼ ነጭ ግመሌ ከኡርሶ ወዲያ እንዴት እንደጠፋችብኝ፣ ዱካዋን ተከትዬ ስሄድ ፀሐይ እንዴት እንደጠለቀችብኝ እየነገርኳቸው ነበር። የአሸዋው ሙቀት በእግሬ መርገጫ ይሰማኝ ነበር። ግመሏን በስሟ ጠራኋት እንኳ። ባለቤቴ የሺ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ አየችኝ።

«ደግሞ ይቺ የማን ግመል ናት?» አለች።

ትልቋ ልጄ፣ ሙሉ፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሄደች። እኔ በቤቴ የሚሳቅብኝ ሰው አይደለሁም። ልጆቼ ያላዩትን አየን፣ ያልሰሙትን ሰማን ሲሉ ከሰማሁ የምቀጣ አባት ነኝ። ያን ቀን ግን እኔው ራሴ ያላየሁትን አየሁ አልኩ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግመሏ የአንድ ሶማሌ ከሳሽ ነበረች። ሰውየው በችሎት ሲናገር አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ «ግመሌ ጠፋችብኝ» ያልኩት በእሱ ፋንታ ነው።

ከሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍኩት በድሬዳዋ ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ቀትር ላይ ከተማው በሙቀት ተኝቶ እኔ ከግቢዬ የኒም ዛፍ ሥር ስቀመጥ፣ የማላውቃቸው ዓመታት እየመጡ አጠገቤ ይቀመጣሉ። የማላውቀው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ያልወለድኩትን ልጅ እጣራለሁ። ያላረስኩት መሬት ይናፍቀኛል። ይህን መጻፍ የጀመርኩት የእኔን ከሰው ለመለየት ነው። ልጆቼ ውርስ ባይኖራቸው እንኳ የአባታቸው ሕይወት የትኛው እንደነበረ ይወቁ ብዬ ነው።

አባቴ ከደጋ ወርዶ በባቡር ሐዲድ ላይ በጉልበት ሥራ የኖረ ሰው ነበር። ዝምተኛ ነበር። ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። እኛ ሰፈር ጠዋት በኦሮምኛ ይነጋል፤ ወተት ሻጮቹ ከገጠር ሲገቡ እየተጣሩ ነው። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ግመላቸውን የሚያሳርፉት ሶማሊኛ ያወራሉ። ሱቅ ከተላኩ ደግሞ ባለሱቁ የመናዊ ነው፤ ጨው እንኳ በዐረብኛ ነው የሚመዝነው። ቋንቋ ልማር ብዬ የተማርኩት የለም። ፊደልን ግን ልማር ብዬ ተማርኩ። ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየዘረጋሁ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ «ይህ ምን ይላል?» እያልኩ ነው ማንበብ የቻልኩት። ዛሬ ወንበር ተገዝቶለት፣ መምህር ተቀጥሮለት፣ ሙቀቱ አላስጠናኝም የሚለውን ልጅ ሳይ ምን እንደሚሰማኝ ልጆቼ በቂ ጊዜ ስለሰሙ እዚህ አልደግመውም።

ጣሊያን ወጥቶ፣ በኋላም እንግሊዞቹ ከከተማው ሲሄዱ፣ ማዘጋጃ ቤት በተላላኪነት ገባሁ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ጣቢያው ላይ ጉምሩክ ሠራሁ። የእኔ ድርሻ ከጅቡቲ በኩል የሚመጣውን መንገደኛ ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ በየቋንቋው መጠየቅ ነበር። ያን ሥራ አልወደድኩትም። ሰው ለሚፈራው ሰው ልቡን አይሰጥም፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ውሸት ስሰማ ውዬ ቤቴ ስገባ የልጆቼን ቃል እንኳ እጠራጠር ጀመር። አለቃዬ ይህን አይቶ ይሁን ወይም በቦታዬ ዘመዱን ሊያስገባ ፈልጎ፣ ወደ ፍርድ ቤት አዛወረኝ። ደመወዙ ያው ትንሽ ነበር። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ፍርድ ቤቱ ያን ጊዜ ሰፊ በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ነበር። በበረንዳው ፊት የድሬዳዋ ዛፍ አለ፤ ሲያብብ ቀይ አበባው በመስኮት እየገባ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ይረግፋል። ባቡር ሲያፏጭ ችሎቱ ዝም ይላል። ምስክሩ ቃሉን ከአፉ ላይ ይይዛል፣ ዳኛው ጣታቸውን አንሥተው ይጠብቃሉ፣ ፊሽካው አልፎ ተራራው ሲመልሰው እናዳምጣለን፤ ከዚያ ነገሩ ከቆመበት ይቀጥላል። ዛሬ ፊሽካ በሰማሁ ቁጥር አንድ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሐጂ ዑመር ናቸው። የመጋላ ሰፈር ሰው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ኩፊያቸው ከራሳቸው የማይወርድ። ችሎት ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ ከጓሮው ቧንቧ ውሃ ቀድተው ይጉመጠመጣሉ።

«ለሶላት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው በመጀመሪያው ሰሞን።

«አይደለም። የሰው ቃል ሊገባበት ነው። በቁርስህ ላይ የሰው ነገር ትደባልቃለህ እንዴ?»

ተከራካሪ ሻይ ሲጋብዛቸው «ጠግቤያለሁ» ይላሉ፤ ጥቂት ቆይተው ራሳቸው ገዝተው ይጠጣሉ። ጫትም ቢሆን ከሥራ ሰዓት በፊት አይነኩም። ኦሮምኛዬን ሲሰሙ የመጀመሪያ ቀን ፈገግ አሉ።

«ወርቄ፣ ማን አስተማረህ?»

«ወተት ሻጮቹ።»

«ያስታውቃል። ሰውየው ስለ ነፍስ ግድያ ሲናገር አንተ ‹ወተቱ ውሃ የለበትም› የምትል ትመስላለህ። አቦ፣ ድምፅህን ወንድ አድርገው!»

ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። አስተርጓሚ ከተናጋሪው አጠገብ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማል። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። «እንዲህ ይላል» አይልም፤ «እኔ» ይላል። ሰውየው ሰደበኝ ካለ ሰደበኝ፣ መታሁት ካለ መታሁት። «‹እሱ እንዲህ ይላል› ካልክ ዳኛው አንተን ማየት ይጀምራሉ። አንተ የለህም። መስኮት ነህ» ይሉ ነበር። ምንም አትጨምር፣ ምንም አትቀንስ። ሥራ ስጀምር በወንጌል የማልኩትም በዚህ ነው።

አንድ ጊዜ አዴ ፋጡማ የምትባል ሴት ባሏን ከስሳ ስትናገር እኔ ጢሜን ይዤ ቆሜ «ከእንግዲህ ከዚህ ወንድ ጋር አንድ አልጋ ላይ አልተኛም!» ብዬ ጮህኩ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ጠረጴዛቸውን መቱ፤ እሳቸውም ግን በመሐረብ አፋቸውን ሸፍነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ ገበያ ላይ ባየችኝ ቁጥር «ያን ሰውዬ የፈታህልኝ አንተ ነህ፣ ና ሎሚ ውሰድ!» ትለኛለች። አልወሰድኩም። ተከራካሪ የነበረ ሰው ሎሚ አይወሰድም።

ሐጂ ሌላ ልማድ ነበራቸው። የገጠር ሽማግሌ ሲናገር፣ ትንሽ ተናግሮ ፋታ በወሰደ ቁጥር፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ሀዬ» ይላሉ። ይቀጥላል፤ «ሀዬ» ይላሉ። የእርጅና ነገር መስሎኝ ነበር።

«ገጠር ውስጥ ሰው ብቻውን አይናገርም» አሉኝ ስጠይቃቸው። «ተቀባይ ይፈልጋል። ‹ሀዬ› ማለት እውነትህን ነው ማለት አይደለም። ደረሰኝ፣ ቀጥል ማለት ነው። ተቀባይ ከሌለ ሰውየው የናቁት ይመስለዋል፤ ነገሩን ጠቅልሎ ይሄዳል።»

ሶማሌውም ኦሮሞውም በዚህ አንድ ነበሩ። ሐጂ ጡረታ ወጥተው እኔ በቦታቸው ስቆም «ሀዬ»ን እንደ ካባቸው ወረስኩ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። በበረንዳው ላይ ስንት ሰው ተቀምጦ እንደተነሣ አላውቅም። የሁሉም ድምፅ በእኔ ጉሮሮ አልፏል።

ከዚያ አዲስ ዳኛ መጡ። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሕግ የተማሩ፣ ገና ወጣት ሰው። ስለ እሳቸው ክፉ መናገር ሐሰት ይሆንብኛል። በሰዓቱ ይገባሉ። «ነገ ና» የሚባለውን የመሥሪያ ቤት በሽታ ከችሎታችን ያጠፉት እሳቸው ናቸው። ከሩቅ የመጣ ባለጉዳይ ፀሐይ እንዳይመታው ከዛፉ ሥር አግዳሚ አሠሩ። የመንግሥት ሠራተኛ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው ብዬ ለልጆቼ የነገርኩት ስለ እሳቸው ነው።

በእሳቸው ጊዜ የኦቦ ሙሜ ጉዳይ ቀረበ።

ኦቦ ሙሜ ከሐርላ በኩል የመጡ፣ ፍየል የሚያረቡ ሽማግሌ ነበሩ። መሬታቸው ላይ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ ቤተሰቡም መንጋውም የሚጠጣው ከዚያ ነው። አንድ የከተማ ነጋዴ ጉድጓዱንም መሬቱንም የኔ ነው ብሎ ከሰሰ። ጉድጓዱን ያስቆፈረው አባቴ ነው አለ፤ ጠበቃም አቆመ። ኦቦ ሙሜ ደግሞ የቆፈረው የእኔ አባት ነው አሉ። ሲቆፈር የነበሩት ሁሉ ሞተዋል፤ ያን ጊዜ ጎረምሳ ከነበሩት ከኦቦ ሙሜ በቀር በዓይኑ ያየ ሰው አልቀረም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በሽማግሌው ቃል ላይ ወደቀ። እንዴት እንደተቆፈረ አስረድተው ዳኛውን ካሳመኑ ውሃው ይቀርላቸዋል። ካልሆነ ፍየሎቹን ይዘው ወዴት እንደሚሄዱ እግዜር ይወቅ።

ቁርአን ይዘው ማሉና ጀመሩ። በዱላቸው ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የጃንሆይ ሥዕል በላይ አድርገው ነበር የሚናገሩት።

«አባቴ ሲቆፍር ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አሉ።

«ሀዬ» አልኩና ተረጎምኩ።

የነጋዴው ጠበቃ ብድግ አለ። «ክቡር ዳኛ፣ አስተርጓሚው ተከሳሹን ያበረታታል። እየሰማን ‹እሺ፣ እሺ› ይለዋል። ይህ ቃል ማጉረስ ነው።»

ዳኛው አሰቡ። ከዚያ ረጋ ብለው «አቶ ወርቅነህ፣ ጠበቃው ያሉት ትክክል ነው። አስተርጓሚ ከትርጉም በቀር ድምፅ አያሰማም። ሰውየው ይናገሩ፤ እኛ በጸጥታ እንስማቸው» አሉ።

ጸጥታ ሆነ። ዳኛው እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ሙሉ ፊታቸውን ለሽማግሌው ሰጡ። ጸሐፊው ወረቀት ማገላበጥ ተወ። ከዚያ የበለጠ አክብሮት በዚያ ችሎት አይቼ አላውቅም።

ኦቦ ሙሜ ጠበቁ። ዞረው አዩኝ። ዓይኔን መሬት ላይ አደረግኩ። ወደ ዳኛው አዩ፤ ዳኛው ዝም ብለው ያይዋቸዋል። የጣሪያው ማራገቢያ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከውጭ የጋሪ ፈረስ ቃጭል ይሰማል። አንድ አበባ በመስኮት ገብቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሽማግሌውም እሱን አዩ።

«ጨረሱ?» አሉ ዳኛው። ተረጎምኩ።

«የሚሰማ ሰው የለም» አሉ ኦቦ ሙሜ። «ለማን ልናገር? ጨርሻለሁ።»

እንደ ደንቡ «እኔ» ብዬ ተረጎምኩት። «የሚሰማኝ ሰው የለም። ለማን ልናገር? ጨርሻለሁ።»

የዳኛው ፊት ቀላ። «በሁለት ጆሮዬ እየሰማኋቸው! ይህን ያህል ችሎት ዝም ብሎላቸው!» አሉ። ቀጠሮ ሰጥተው ተነሡ። ዳኛው ለክብራቸው ብለው ዝም አሉ፤ ኦቦ ሙሜ ዝምታውን ንቀት አድርገው ወሰዱት። በሁለቱ መካከል ሁለቱንም የማውቅ አንድ ሰው ቆሞ ነበር፤ አፉ ግን የራሱ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ በዐስር ሶላት ሰዓት ወደ መጋላ ወረድኩ። ሐጂ ዑመር ከሶላት ተመልሰው ደጃፋቸው ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሁሉን ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ «ሀዬ» አሉ፤ እኔም ሳላስበው የቀረውን ሁሉ ዘረገፍኩ።

«ምንም አልጨመርኩም» አልኩ በመጨረሻ። «እንዳስተማሩኝ።»

«ጨምረሃል እንጂ» አሉ። «ዝምታ ጨመርክበት። ሰውየው ያላመጣውን ዝምታ።»

«ዳኛው ከለከሉኝ እኮ፣ ሐጂ!»

«አፍህን ነው የከለከሉህ። እጅህን አንሥተህ ‹የራሴን ቃል ልናገር ይፈቀድልኝ› ብትል ማን ይይዝሃል? መስኮት ነህ አልኩህ እንጂ ግድግዳ ነህ አልኩህ?»

በማግስቱ ዳኛው ቢሮ ገባሁ። ስለ ኦቦ ሙሜ ጉዳይ መናገር እንደጀመርኩ እጃቸውን አነሡ። «ቀጠሮ ላይ ስላለ ጉዳይ ከችሎት ውጭ አንድ ቃል አልሰማም። ያለዎትን በችሎት፣ ሁለቱም ወገን ባለበት ይናገሩ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ያን ቀን ግን ልክነታቸው አናደደኝ።

የቀጠሮው ቀን ገና መዝገቡ ሲጠራ እጄን አነሣሁ። «የራሴን ቃል እንድናገር ይፈቀድልኝ።» በዚያ ክፍል ውስጥ «እኔ» ብዬ ራሴን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፄ የሰው ድምፅ መሰለኝ። የ«ሀዬ»ን ነገር፣ ሽማግሌው ለምን ንግግራቸውን እንዳቋረጡ፣ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ጠበቃው ሊቃወም ተነሣ፤ ዳኛው በእጃቸው አስቀመጡት።

«ይህ ከሆነ እንደገና ይናገሩ» አሉ። «ይቅረቡ።»

ችሎት አስከባሪው በረንዳ ላይ ወጥቶ ተጣራ። «ሙሜ! የሐርላው ሙሜ!» ዛፉ ሥር ያሉት ተያዩ። ደግሞ ተጣራ። ማንም አልተነሣም።

ኦቦ ሙሜ አልመጡም። ያልሰማቸው ሰው የሚናገረውን ለመስማት የሚመጡበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ዳኛው ጉዳዩን ለሌላ ቀን አሳድረው መጥሪያ ላኩ። የተላከው ሰው ተመልሶ «ጨርሻለሁ ብያለሁ፣ ሰው ሁለት ጊዜ አይጨርስም ይላል» አለ። በመጨረሻ ፍርዱ በሌሉበት ተሰጠ፤ ውሃው ለነጋዴው ሆነ። ዳኛው ፍርዱን ሲያነቡ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተሳስቻለሁ፤ የቃል ስሕተት በቃል ይታረማል። ይህ ግን የሚታረምበት ቃል አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ በችሎታችን አንድ ነገር ተለወጠ። የገጠር ሽማግሌ ሲቆም ዳኛው ራሳቸው፣ ከወንበራቸው ሆነው፣ በአዲስ አበባ ምላሳቸው «ሀዬ» ይላሉ። ለማንም ወገን አያደሉም፤ ለከሳሹም ለተከሳሹም «ሀዬ»። መጀመሪያ ሕዝቡ ሳቀ። «ወላሂ፣ ዳኛው ገጠር ገቡ!» አሉ በረንዳው ላይ። ቆይቶ የሚስቅ ጠፋ። ሰው ሆዱን አውጥቶ ይናገር ጀመር። ሲዛወሩ ጣቢያው ድረስ የሸኛቸው ሕዝብ ጋሪ አሳጣን።

እኔ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጤ ቀረ። «አባቴ ሲቆፍር ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።» ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቀውም። የሌሎቹ ሕይወት ሁሉ ሙሉውን ሲመጣልኝ ይህ አንዱ ከገመዱ ጫፍ ላይ ይቆማል። ከኒሙ ሥር ዓይኔን ስጨፍን ገመድ ይዣለሁ። ታች ጨለማ ነው።

ስለዚህ ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ክረምት ማግስት ወደ ሐርላ ሄድኩ። በጭነት መኪና እስከሚያደርሰኝ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ከአንድ አሮጌ ፍርስራሽ ግንብ አጠገብ ፍየል የሚጠብቁ ሴቶች መንገዱን አሳዩኝ። ኦቦ ሙሜ በሕይወት አሉ። ፍየሎቹ ጥቂት ሆነዋል፤ ውሃ ከሩቅ በአህያ ይመጣል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ግን አወቁት።

«የዳኛው ምላስ መጣ!» አሉ፤ ጥርሳቸው ባይኖርም ሳቁ። «ዛሬ ማንን ልትተረጉም ነው?»

«ማንንም። ዳኛም የለም፣ ፍርድም የለም። ውሃውን ልመልስልዎ አልችልም፣ ኦቦ። የቀረውን ልሰማ ነው የመጣሁት።»

ምራታቸው በወተት የተፈላ የቡና ገለባ በጣሳ አመጣችልን። እሳቸው አልጠጡም። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«አባቴ ሲቆፍር ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አሉ።

«ሀዬ» አልኩ።

«መጀመሪያ ቀይ አፈር ወጣ።»

«ሀዬ።»

«ከዚያ ነጭ፣ እንደ ኖራ። ሰው ሁሉ ተው አለው። አልተወም።»

«ሀዬ።»

ፀሐይ ከግንቡ ወዲያ ዞረች። ፍየሎቹ እየመጡ ዙሪያችን ተኙ። አባታቸው ከታች ጓል እየላከ «ጉንጭህ ላይ አድርገው፣ ይቀዘቅዛል?» ይላቸው ነበር፤ ጎረምሳው ሙሜ ጉንጩ ላይ አድርጎ «አይቀዘቅዝም» ይላል። አንድ ጠዋት የመጣው ጓል ቀዘቀዘ። ከዚያ ገመዱ ላላ። ሙሜ አባቱ የሞተ መሰለው። ጉድጓዱ ላይ ተደፍቶ ተጣራ። ከታች የመለሰለት ቃል አልነበረም፤ ሳቅ ነው። አባቱ እግሩን ውሃ ውስጥ አድርጎ ይስቃል። ሳቁ ጉድጓዱን ሞልቶ ወደ ላይ ወጣ።

«ያን ቀን ሳቁን ሰማሁ» አሉ ኦቦ ሙሜ። «ጨርሻለሁ።»

ተነሥቼ እጃቸውን ሳምኩ።

ትናንት ምሳ ላይ ልጆቼን አስቀምጬ ይህን ነገርኳቸው። ስጀምር በጥንቃቄ ነበር፤ ኦቦ ሙሜ የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ አባታቸው ጉድጓድ ቆፈሩ፣ እያልኩ። ጓሉ ጋ ስደርስ ግን ጉንጬ ቀዘቀዘኝ።

«ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አልኩ።

ሙሉ እናቷን አየች። ፈገግታዋ አፏ ጫፍ ላይ ደርሶ ይጠብቃል። የሺ ጭልፋዋን አስቀመጠች፤ የማን ገመድ ነው አላለችም። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሀዬ» አለችኝ።